አይዞሽ አልልሽም

ይድረስ ለማከብርሽና ለምሳሳልሽ እህቴ፣

ለመሆኑ እንደምን ሰነበትሽ? እንቅልፍሽስ? ወገብሽስ? የእማማ ጉልበት ብርዱን ቻለው ወይ? እኔ ጤናዬም ሥራዬም ደህና ነው፤ የጎደለኝ የእናንተ ድምፅ ብቻ ነው። አንድ በአንድ የምጠይቅሽ "ደህና ነኝ" ብለሽ እንዳታልፊኝ ነው። አባባ ከተቀበረ ወዲህ ለጠየቀሽ ሁሉ የምትሰጪው መልስ እሱ ብቻ እንደሆነ እማማ በስልክ ነግራኛለች። የስፌት መኪናሽን በአንሶላ ሸፍነሽ፣ ጨርቅ ይዞ የመጣውን ሁሉ ከበር እየመለስሽ ነው አለችኝ። ከአንሶላው ሥር የአባባ ኮት አንድ እጅጌው ሳይገጠም እንዳለም ነገረችኝ። አትቆጪያት፤ ጨንቋት ነው።

እስቲ ስለ ሥራዬ ላጫውትሽ። አጎታችን "በወሬ ደሞዝ የሚበላ" የሚለኝ ነገር ውሸት ሆኖ ተገኘ፤ እዚህ የሚከፈለኝ ዝም እንድል ነው! በልጅነቴ "ሬድዮ" ያላችሁትን ልጅ ዝም ማሰኘት ምን ያህል አበሳ እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ። ክፍሌ ጠባብ ናት፤ ሁለት ወንበር፣ የውሃ ጆግ፣ የአውቶቡስ መናኸሪያው የሚታይበት መስኮት። ጭንቀትና ሐዘን የከበደው ሰው ይመጣና እንነጋገራለን፤ መርፌም ክኒንም የለም።

ከሚመጡት አንዱ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ታሪኩን ለእህቴ ልጻፍላት ብዬ ፈቃዱን ስጠይቀው "ከጠቀማት ጻፍላት፣ ስሜን ብቻ ተወው" አለኝ። ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ብሎት አውቶቡሱ ከግንብ ጋር ተላትሞ ቆመ። ሰው አልሞተም። ከዚያ ወዲህ ግን መሪ መጨበጥ አቃተው፤ ገና የሹፌሩን ወንበር ሲያይ እጁ ይንቀጠቀጣል። መጀመሪያ ሰሞን አፉን በከፈተ ቁጥር "አይዞህ፣ ዋናው መትረፍህ ነው" እለው ነበር። እሱም አንገቱን ነቅንቆ "ደህና ነኝ፣ ተመስገን" ብሎ ይሄዳል። እኔ ደግ የሠራሁ መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር።

የምታሠለጥነን ሴትዮ አንድ ቀን ጥግ ይዛ ስታዳምጠን ቆየች። ሹፌሩ ሲወጣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ "ልጄ፣ ሰውየው በሩን ሊከፍት ሲል አንተ በአይዞህ ትዘጋበታለህ። ያ አይዞህ ለሱ ነው ወይስ ለራስህ?" አለችኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ስንቴ እንዳልኩት እኔ አልሰማሁትም። አኩርፌ ምሳዬን ሳልበላ ዋልኩ። በኋላ ግን እውነቷን እንደሆነ ገባኝ፤ ሰው ሲያለቅስ ስለምፈራ ነው ቶሎ የማጽናናው።

ሹፌሩ ተመልሶ ሲመጣ "ያን ቀን ምን አየህ?" ብዬ ምላሴን ነክሼ ተቀመጥኩ። አይዞህ ጉሮሮዬ ላይ መጥታ ስትታገለኝ ውሃ ጠጣሁባት። በመጨረሻ መሬት መሬት እያየ፣ "ሁሉም ተመስገን በል ይለኛል እንጂ ምን አየህ ያለኝ የለም። እኔ መሪውን ለቅቄ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር" አለና አለቀሰ። "መሪውን ለቀህ ዓይንህን ጨፍነህ ነበር" ብዬ የራሱን ቃል መለስኩለት፤ ሌላ አልጨመርኩም። ሲወጣ እርምጃው ቀሎት ነበር።

የቀረው ከዚያ ወዲህ ደረጃ በደረጃ ነው። መጀመሪያ አውቶቡሱ አጠገብ አብረን ቆምን። ሌላ ቀን ሞተሩ ሳይነሳ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ እጁ ሲንቀጠቀጥ እስኪበርድለት ጠበቅን እንጂ አልወረደም። "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ለማለት ነው ይሄን ሁሉ ዓመት የተማርከው?" ብለሽ እንደምትስቂብኝ አውቃለሁ። ሳቂ፤ ሳቅሽ ናፍቆኛል። ባለፈው ሳምንት አውቶቡሱን እየነዳ የመናኸሪያውን ግቢ ዞሮ መጣ። ሲወርድ ሸሚዙ በላብ ርሶ ነበር፤ ፊቱ ግን የሰው ፊት ሆኗል።

እህቴ፣ አንቺን ላክምሽ አይደለም፤ ወንድም እህቱን አያክምም፣ ይሄም የሥራችን ሕግ ነው። ከፈቀድሽ እዚያው በቅርብሽ የምታነጋግሪው ባለሙያ አፈላልግልሻለሁ። እኔ የምለምንሽ እንደ ወንድም ነው። ኮቱን ጨርሺው አልልሽም። አንሶላውን ብቻ አንሺና እንደ ድሮሽ ወንበርሽ ላይ ቁጭ በይ፤ እጅሽ ከከበደሽ መርፌም አትንኪ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ሆድ ውስጥ የቀረ ሐዘን ግን ይነቅዛል።

ለእማማ ያን የሚያማትን ጉልበቷን ሳሚልኝ። አጎታችንን ዝምታም ደሞዝ አለው በይልኝ። ልጅሽ የድስት ክዳን ስትደበድብ አትቆጧት፤ ተተኪዬ ሬድዮ እሷ ናት።

እሑድ ከሰዓት እደውላለሁ። አባባ የወደቀ ቀን አጠገቡ የነበርሽው አንቺ ብቻ ነሽ። ሁላችንም አይዞሽ አልንሽ እንጂ ምን አየሽ ብለን አልጠየቅንሽም። ስልኩን ስታነሺ የምጠይቅሽ እሱን ነው። ከዚያ በኋላ ድምፄ ቢጠፋ መስመሩ ተቋረጠ ብለሽ እንዳትዘጊው፤ እየሰማሁሽ ነው።

ወንድምሽ ሬድዮ
ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ካለችው ክፍሌ፣ ጥር 9 ቀን