ወንዙ ዳር ያለው የጨርቅ ቤት

የካቲት 4
ነፋሱ አቧራውን ይዞ ገባ። ጨርቆቹን ሁለቴ አራገፍኩ። ለቀሚስ የሚሆን ሰማያዊ ሸጥኩ… ሌላ የለም። ምሳ ሩዝ በዓሣ። አባባ ዮሮ ከዓሣው ሥጋ ሥጋውን ወደ እኔ ሲገፉልኝ አየሁ። አማቴ ሁሌም እንዲህ ናቸው፤ ባሌ ኡስማን ከሞተ ወዲህ ደግሞ ባሰባቸው። ማታ ወንድሙ ማሊክ ከዳካር ደወለ። ቤቱን የሚገዛ ሰው ይዞ ይመጣል።

የካቲት 7
መጡ። ሰውየው ግድግዳውን በቁልፉ ቧጠጠ፣ ኖራው ረገፈ። አፍርሶ ሆቴል ሊሠራበት ነው። ማሊክ ክፉ አይደለም… አባቱ ፎቅ ወዳለው ክፍላቸው ያን ደረጃ ሲወጡ ያሳስበዋል። "ሮካያ፣ አንቺም እኮ ታርፊያለሽ" አለኝ።

የካቲት 11
ከቅርስ ቢሮ አንዲት ሴት መጣች። የጠራኋት እኔ ነኝ። የእንጨት ሰገነቱን እያየች ቆማ ቀረች። የድሮ ነጋዴዎች የግራር ሙጫ ያከማቹበት፣ ግቢው ሳይነካ የቆየ ቤት ብዙ አልቀረም አለች። ባለቤቱ አባባ ቅርስ ሆኖ እንዲመዘገብ ከፈረሙ ማንም አያፈርሰውም። እድሳቱ ግን አድካሚ ነው፤ በድሮው ኖራ፣ በድሮው እንጨት። አባባ እስክሪብቶውን ይዘው ቆዩ፣ ቆዩና ሳይፈርሙ መለሱላት። ለምን?

የካቲት 12
ጠየቅኳቸው።
"ከፈረምኩ ቤቱ አንቺ ላይ ይወድቃል። ገና ልጅ ነሽ። ሌላ ትዳር፣ ሌላ አገር… እኔን ስታስታምሚ ዕድሜሽ ይለቅ?"
"እኔ እኮ የቆየሁት ለእርስዎ ብዬ ነው። ይሄን ቤት ካጡ አይችሉትም ብዬ።"
"እኔም ያልሸጥኩት አንቺን ብዬ ነው። ከተሸጠ የት ትገቢያለሽ?"
ተያየን። ቀድመው የሳቁት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ቀስ ብለው፣ "አንቺ ራስሽ ምን ትፈልጊያለሽ?" አሉኝ።
አላውቅማ…

የካቲት 14
ጠዋት ሱቁን ሳልከፍት ቤቱን ዞርኩት። ቀትር ላይ ዓሣ ሻጮቹ እንደ ወትሯቸው ግቢው ጥላ ውስጥ አረፍ አሉ። አንዷ ልጇን አጠባች። ሌላዋ ጨርቅ እያገላበጠች በዋጋ ተከራከረችኝ፣ ሳትገዛ ሄደች። ሆቴል ቢሆን ማን ያስገባቸዋል? ኡስማን ስለኖረበት አይደለም። ለአባባ ብዬም አይደለም። ወደድኩት፣ በቃ።
ለአባባ ነገርኳቸው። ፈረሙ። ማሊክ ሲሰማ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

መጋቢት 20
ማሊክ እመጣለሁ ሳይለን መጣ። ኩርፊያው ገና አለ። ግን ታች ያለችውን ክፍል ለአባቱ አጸዳ፣ አልጋቸውን ራሱ አወረደ። ግንበኛውም ዛሬ ሥራ ጀመረ። ግቢው መሀል ቆሞ፣ "ስለ ቤቱ ማንን ነው የማናግረው?" አለ።
ማሊክ ወደ አባቱ ዞረ። አባባ ወደ እኔ።
"እኔን" አልኩት።