ስድስት ጊዜ «ከወሰን በታች» ብዬ የፈረምኩበት መዝገብ

ቀን፦ ጥቅምት 11

ለአደጋ ዝግጁነት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በክሎሪን መጋለጥ ወሰን ላይ የሰጠሁት የራሴ ማስረጃ ውድቅ እንዲደረግልኝ ለአራተኛ ጊዜ ስለማመልከት

ክቡር ኃላፊ፣

እኔ አመልካች በውኃ ማጣሪያ ጣቢያው የክሎሪን ክፍል የቀን ፈረቃ ተቆጣጣሪ ስሆን፣ በሥራው ላይ አሥራ ሰባት ዓመት ቆይቻለሁ። ከዚህ ቀደም ያቀረብኳቸው ሦስት አቤቱታዎች «ተመርምሮ የማያስኬድ ሆኖ ተገኝቷል» በሚል አንድ ዓይነት መልስ ተመልሰዋል፤ በሦስተኛው ላይ ቀኑን መቀየር እንኳ ተረስቷል። ነገሩ ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ መሆኑ አይጠፋኝም። ሆኖም የምጽፍለት ሌላ ቢሮ የለኝም።

1. ሰኔ 4 ቀን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ከአንድ ሲሊንደር አንገት ክሎሪን ማፈትለክ ጀመረ። ቫልቩ ተጣብቆ አልዘጋ ስላለ፣ ጠጋኙ መጥቶ እስኪዘጋው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሆነ። በእነዚህ ስድስት ሰዓታት፣ በታዘዝኩት መሠረት፣ በሠራተኞች መኖሪያ አጥር ላይ በየሰዓቱ እየለካሁ መዝግቤያለሁ። ንባቡ በአንድ ሚሊዮን እጅ አየር ውስጥ ከ1.3 እስከ 1.5 እጅ ክሎሪን ነበር። ግድግዳችን ላይ የተለጠፈው ሠንጠረዥ ሰው ከቤቱ እንዲወጣ የሚታዘዝበት ወሰን 2 ነው ይላል። ስለዚህ ስድስት ጊዜ «ከወሰን በታች፤ መስኮት ዘግቶ መቆየት» ብዬ ፈረምኩ።

2. ከአጥሩ ማዶ ካሉት ቤቶች ሦስተኛው የኔ ነው። አብራኝ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ናት፤ እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ስትሆን፣ አስም አለባት። በዚያን ቀን ሦስት ጊዜ ደወለችልኝ። «ደረቴን ያዝ እያደረገኝ ነው፣ ልውጣ እንዴ?» አለችኝ። «ኧረ እትዬ፣ ቁጥሩ ደህና ነው፣ መስኮቱን ዝጊና ጋደም በይ» አልኳት። በሦስተኛው «እንግዲህ አንተ ካልክ» ብላ ስልኩን ዘጋችው። ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

3. ከአደጋው በኋላ ሠንጠረዡ የተወሰደበትን የአደጋ ዝግጁነት ዕቅድ ሙሉ ሰነድ ከመዝገብ ቤት ለምኜ አነበብኩ። 2 የተባለው ወሰን ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው። ለአራት ሰዓት 1 ነው፤ ለስምንት ሰዓት ደግሞ ከዚያም ያንሳል። እኛ ዘንድ የተለጠፈው የአንዱ ሰዓት ዓምድ ብቻ ሲሆን፣ የቀረው ወረቀቱ ስላልበቃ እንደተቆረጠ ተነግሮኛል። እኔም በየሰዓቱ ቆጠራውን እንደ አዲስ ከአንድ ስጀምር፣ የእህቴ ሳንባ ግን እየደመረ ነበር። ይህን ለመረዳት ሊቅ መሆን አያስፈልግም ነበርና፣ አሥራ ሰባት ዓመት ሳልጠይቅ መኖሬ ያሳፍረኛል።

4. የሕክምና ቦርዱ ከዚያን ቀን ወዲህ ሳንባዋ የተጎዳውን እህቴን ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል አልክም ያለው «ለአደገኛ መጠን አልተጋለጡም» የሚለውን የጽሕፈት ቤትዎን ደብዳቤ ይዞ ነው። ደብዳቤው የጠቀሰው ማስረጃ የኔ ስድስት ፊርማዎች ናቸው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ በኛ ቤት ግን የተወጋችው ረስታለች፣ ያልረሳሁት እኔ ነኝ። ጭራሽ «ሥራህን ነው የሠራኸው» እያለች ታጽናናኛለች። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

ስለዚህ ፊርማዎቼ በስህተት የተሰጡ መሆናቸው ተመዝግቦ ለቦርዱ የተጻፈው ደብዳቤ እንዲታረም፣ እንዲሁም ሙሉው ሠንጠረዥ ተለጥፎ ተረኛው ሰዓቱን እየደመረ እንዲያነብ እንዲታዘዝልኝ በትሕትና አመለክታለሁ። በስህተቴ የሚመጣብኝን ማንኛውንም ቅጣት ያለ ክርክር እቀበላለሁ።

እውነቱን ለመናገር፣ ይሆናል ብዬ አይደለም የምጽፈው። የተቆረጠው ሠንጠረዥ ዛሬም ግድግዳው ላይ ነው፤ ቫልቩም ተጠገነ እንጂ አልተቀየረም፤ እኔም ነገ ጠዋት ፈረቃ እገባለሁ። ዳግም ቢያፈተልክ ቁጥሩን ሳልጠብቅ ደውዬ «እትዬ፣ ውጪ» እላታለሁ። ነገር ግን ከአልጋዋ እስከ በሩ አሥራ አንድ እርምጃ ነው፤ እሷ አሁን አራተኛው ላይ ስትደርስ ትንፋሽ አጥሯት ትቀመጣለች።

ከታላቅ አክብሮትና ሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
የክሎሪን ክፍል የቀን ፈረቃ ተቆጣጣሪ

ግልባጭ፦
ለሕክምና ቦርድ