ከፓራፋንጎ የወጡ ሦስት ምድጃዎች

ውድ ጠሂራ፣

አላህ ማረፊያሽን ያስፋልሽ። ይህን የምጽፍልሽ ምን አለሽ ተራ፣ ሱቃችን ውስጥ፣ ፖሊሶቹን እየጠበቅሁ ነው። ሳይመጡ እኔው ልንገርሽ ብዬ ነው።

አንቺን መኪና ገጭቶ ያመለጠ ጊዜ ለማንም አልተነገረም። ፎቶሽን አባዝቼ ከአንዋር መስጊድ እስከ ዱባይ ተራ በየምሰሶው ለጠፍኩ፤ በማግስቱ ዝናብ አወረደው። አሁን ገድሎ የሚሰወር ሲኖር ለሁሉም ሰው ስልክ መልእክት ይላካል። ዛሬ ጁምዓ ሰግደን ምንጣፋችንን ስናጥፍ፣ የሰው ሁሉ ኪስ አንድ ላይ ጮኸ።

«ሰማያዊ አይሱዙ ትናንት ማለዳ አንዲት ሴት ገጭቶ ገድሎ ተሰውሯል። የፊት ቀኝ ፓራፋንጎው ተጎድቷል። ያየ ወይም የጠገነ በዚህ ቁጥር ይደውል» ይላል።

መልእክቱን ደግሜ አነበብኩት። ትናንት ረፋዱ ላይ ፉርቃን፣ ያ ጀናዛሽን የተሸከመው ሹፌር፣ ከሰማያዊ አይሱዙው የቀኝ ጎማ በላይ ያለውን ላሜራ፣ ያንኑ ፓራፋንጎ፣ በማዳበሪያ ጠቅልሎ አምጥቶልኝ ነበር። «አዲስ ገጥሜያለሁ፣ ይሄ ለምድጃ ይሁንዎት» አለኝ። መጨረማመቱን አይቻለሁ። በምን ተመታ ብዬ ግን አልጠየቅሁም። እኛ ተራ ብረት ከየት መጣ ተብሎ አይጠየቅም፤ ታውቂያለሽ። እስከ አስር ሰዓት ሦስት ምድጃ ወጣው። በአንዱ ዛሬ ጠዋት ሻይ አፍልቼበታለሁ።

ሱቅ ስደርስ ጎረቤቴ ማሙሸት መዶሻውን አስቀምጦ ጠጋ አለኝ። መልእክቱ እሱም ጋ ደርሷል።

«ዝም በል አንተ ሰውዬ» አለኝ። «ምድጃ ታርጋ የለውም።»

ወዲያው ፉርቃን መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ጋሼ፣ ያ ብረት የት ደረሰ?»

«ምድጃ ሆኗል።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ።

አልደብቅሽም ጠሂራ፣ እኔም ለአንድ ትንፋሽ ያህል በልቤ ብዬዋለሁ። ከዚያ ሟቿ ትዝ አለችኝ።

«ወርደህ አየሃት?» አልኩት።

«ጆንያ የመታሁ መስሎኝ ነበር።»

«ጆንያ ከመሰለህ ላሜራውን ለምን ጠቀለልከው?»

መሬት መሬት አየ። «እትዬ ጠሂራን በዚህ ትከሻዬ ተሸክሜያለሁ። እርስዎ ነዎት የሚያሳስሩኝ?»

«አብረን እንሂድ። እኔም የምጠየቅበት አለኝ።»

ጀርባውን ሰጥቶኝ ወጣ።

ስድስት ዓመት ሙሉ የገጨሽን ለአላህ ሰጥቼው ነበር። የዚያን መኪና ብረት ያቃናውን ሰው ግን በየሱጁዴ ከስሼዋለሁ። አንድ ቃል እንዴት አይጠይቅም እያልኩ። እጁ እንዲደርቅ የለመንኩበት ቀን አለ። ዛሬ የራሴን እጅ ሳየው ቆየሁ።

ከዚያ ደወልኩ። ያነሳችው ልጅ «እጅዎ ላይ ምን ማስረጃ አለ?» አለችኝ።

«ሦስት ምድጃ።»

«አባት፣ ይሄ የቀልድ መስመር አይደለም።»

«አልቀለድኩም ልጄ። ውስጣቸው አሁንም ሰማያዊ ነው።»

የሹፌሩን ስም ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። «የእርስዎስ?» ስትለኝ ነው ምላሴ የከበደኝ፤ እሱንም ነገርኳት።

ማሙሸት አሁንም ደጃፉ ላይ ቆሞ «አመዱን እንኳ ድፋው፣ ከሰል አንድደህበታል ይሉሃል» ይለኛል። አልደፋሁትም። ያደረግሁትን እንዳለ ይዩት።

የሟቿን ስም ገና አልነገሩኝም። ሲነግሩኝ ከስምሽ አጠገብ አድርጌ ዱዓ አደርግላታለሁ። ያንን የማላውቀውን ቀጥቃጭ ግን ከእንግዲህ አልረግመውም። ብረቱን ይዞ ይመጣ እንደሆነ ብቻ እጠብቀዋለሁ።

መኪና ቆመ። ምድጃዎቹን ራሴ ልሸከማቸው።

ያንቺው ሰላሁዲን