ለእግር የተገዛ፣ በእጅ የተመረጠ ሞኬት

ለክቡር የሕንፃችን የጋራ ጉዳዮች ኮሚቴ ሊቀ መንበር፤
ባሉበት፣ ማለትም ከእግራችን በታች።

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ እርስዎንና መላ ቤተሰብዎን በሙሉ ጤና፣ በረጋ መንፈስና ባልተቋረጠ የከሰዓት እንቅልፍ እንዲያገኛችሁ ከልብ እመኛለሁ። የእኔን ከጠየቁ ደህና ነኝ፤ መቀመጥ ብቻ አልሆነልኝም። አባቴ በኮሪደሩ እየተራመደ ስለሆነ፣ የከዘራው ድምፅ ባቆመ ቁጥር ብድግ እላለሁ፤ ሲቀጥል እቀመጣለሁ። የፊደሎቼን መንጋደድ በዚህ ምክንያት ይለፉልኝ።

ደብዳቤውን በደረጃው ግርጌ ባለው ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት ክብርዎን ለመንካት አይደለም። በፖስታ አሽጌ በበርዎ ሥር ያስገባኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች መልስ ስላላገኙ፣ እርስዎ የሚያነቡት ራስዎ የሚጽፉበትን ሰሌዳ ብቻ ይሆናል ብዬ ነው።

እንደሚያስታውሱት ከሁለት ወር በፊት፣ ከምድር ቤት በላይ ያለ ቤት ሁሉ ወለሉን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በአንድ ዓይነት ነጣ ያለ፣ ጠጉረ ረዥም ሞኬት እንዲሸፍን አዘዙ። ምክንያቱም «ለጋራ ጸጥታና ለሕንፃው ክብር» ነበር። እናመሰግናለን። እስከዚያ ቀን ድረስ ሕንፃችን ስንጥቅ እንዳለው እንጂ ክብር እንዳለው አናውቅም ነበር።

በዚያው ሰሞን አባቴን ስትሮክ በግራ ጎኑ ከያዘው ገና አምስት ሳምንቱ ነበር። አባቴ ሠላሳ አንድ ዓመት በሽመና ፋብሪካ ውስጥ በማሽን ረድፎች መካከል ሲመላለስ የኖረ ሰው ነው። ቤት ድረስ እየመጣች የምታሠራው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በመጀመሪያው ቀን ኩሽና ጠርታኝ፣ «እግሩ የሚመለሰው በእነዚህ ወራት ነው፤ ያልተመለሰው እንደዚያው ይቀራል» አለችኝ። ክቡርነትዎ ከዚህ በታች የሚያነቡትን ሁሉ ይህን እያሰቡ እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ።

፩ኛ፦ ስለ ምርጫው።

ናሙናው በተመረጠበት ስብሰባ ላይ ነበርኩ። መዳፍ የምታክል ቁራጭ ጠረጴዛ ላይ ቀረበች፤ አምስቱም የኮሚቴ አባላት በየተራ ዳበሷት። እርስዎ ጉንጭዎን አስነኳትና ዓይንዎን ጨፍነው «ይህ ነው» አሉ። አባቴን ደግፌ ያመጣሁት የክር ነገር ስለሚያውቅ ነበር። በዚያ ወቅት በቀን ከአሥር ቃል በላይ አይወጣውም ነበር፤ ከአሥሩ አንዱን ለእርስዎ ሰጠ። «ገልብጡት» አለ። ምንጣፍ የሚታወቀው በጀርባው ነው ማለቱ ነው፤ ሥሩ ጥቅጥቅ ያለ መሆኑ፣ ሲያጥፉት እንደ ራሰ በራ ቆዳው አለመታየቱ። ፀሐፊዎ ግን «አባባ ደክሟቸዋል፣ ወንበር አምጡላቸው» አሉ። ወንበር መጣ። ሞኬቱም ሳይገለበጥ ተመረጠ።

ሊያነጥፍ የመጣው ባለሙያ ሳሎናችን ውስጥ ተንበርክኮ ጠርዙን እየቆረጠ፣ «ጋሼ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ አንጥፌያለሁ፤ ለእግር የሚገዛን ነገር በእጁ የመረጠ ኮሚቴ ግን ገና ዛሬ አየሁ» አለኝ። የእርስዎን ማዕረግ ስለማያውቅ ነው፤ ይቅር ይበሉት።

፪ኛ፦ ስለ በሮቹ።

ሞኬቱ ከተነጠፈ በኋላ አንድም በር አልከፈት አለ። ጠጉሩ ምን ያህል እንደሚወፍር የለካ አልነበረምና። እህቴ መኝታ ቤት ውስጥ ተዘግቶባት ግማሽ ቀን ስትቆይ «ማንን ልጥራልሽ?» ብላት፣ «ኮሚቴውን ጥራና ጉንጩን እዚህ በር ላይ ያስነካልኝ» አለች። በማግስቱ አናጢ መጥቶ የሕንፃውን በር ሁሉ ከሥሩ ሁለት ጣት ሁለት ጣት ቆረጠው። ከዚያ ወዲህ ጎረቤት ምን እንደሚያወራ ጆሮ መጣል ሳያስፈልገን እንሰማለን። ጸጥታው ተከብሯል።

፫ኛ፦ ስለ አያያዙ።

«የሞኬት አያያዝ መመሪያ» የተባለውን ባለ አራት ገጽ ጽሑፍዎን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ጫማ አይርገጠው፣ ውኃ አይንካው፣ ፀሐይ አይምታው፣ ከባድ ዕቃ አይቁምበት። የቀረን መብረር ነው፤ እሱንም እየተለማመድን ነው። አባቴ በግራ እጁ ኩባያ መያዝ እየተማረ ስለሆነ ሾርባ ይደፋል። መመሪያዎ «በሳሙና አጥብቆ ማሸት» ይላል፤ አሸነው። ሳንቲም የምታክል የነበረች ነጠብጣብ ትሪ አከለች። አንጣፊውን ብጠይቀው፣ ሞኬት እንደማይታሽ፣ በንጹሕ ጨርቅ ከዳር ወደ መሐል ቀስ ተብሎ እየተጫነ እንደሚመጠጥ ነገረኝ። ይህን በመመሪያዎ ላይ እንዲጨምሩት ብጽፍልዎ፣ ሜትር ይዘው መጥተው የእድፉን ስፋት ለክተው ሄዱ። ትጋትዎ የሚገርም ነው።

፬ኛ፦ ስለ አወዳደቁ።

ይህን ባጭሩ እጽፋለሁ። የአባቴ የግራ እግር ከመሬት የሚነሳው የጣት ውፍረት ያህል ነው። የሞኬትዎ ጠጉር ከዚያ ይበልጣል። ባለሙያዋ በሦስተኛው ቀን ላቧን እየጠረገች፣ «ሰው ላራምድ ነው የመጣሁት፤ እዚህ ላይ ግን ዋና ነው የማስተምረው» አለች። በሳምንቱ የእግሩ ጣት ጠጉሩ ውስጥ ተያዘና ወደቀ። ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ ወደቀ፤ ያን ጊዜ የእጁ አንጓ አበጠ። እህቴና እኔ ልናነሳው ስንሮጥ ጉንጩ ሞኬቱ ላይ እንደተኛ፣ «ለመውደቅ ጥሩ ነው» አለን።

ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ቀን ከወንበሩ አልነሣም አለ። ብንለምነው፣ ብንቆጣው አልሆነም። ባለሙያዋ በተለመደው ሰዓቷ ትመጣና አጠገቡ ተቀምጣ እግሩን አሻሽታ ትሄዳለች። ከአሥራ አንዱ ቀን አንዱንም የሚመልስልን የለም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሞኬቱን ከሳሎኑም ከኮሪደሩም አንስተን ጠቀለልነው። አባቴ ባዶውን ወለል አየና ከዘራውን ጠየቀ።

፭ኛ፦ ስለ ድምፁ።

አልክድም፣ ድምፅ አለው። ከዘራው ይመታል፣ ቀኝ እግሩ ይረግጣል፣ ግራው ይጎተታል። ከምሳ በኋላ የሚሰሙት ያንን ነው። በማስጠንቀቂያዎ ላይ «ዓላማው የማይታወቅ ተደጋጋሚ መንኳኳት» ብለው ስለጠሩት፣ ዓላማውን ለማሳወቅ እወዳለሁ፤ ሽንት ቤት መድረስ ነው።

ቢሆንም እንቅልፍዎን ንቀን አልተቀመጥንም። አንድ ጠባብና ረዥም ምንጣፍ ገዛን፤ ጠጉሩ አጭር፣ ጀርባው ጎማ፣ ጠርዙ ወለሉ ላይ የሚለጠፍ ነው። የመረጠው አባቴ ነው። ሱቁ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጦ ስድስት ምንጣፍ አስገለበጠ፣ በቀኝ እጁ አጠፈ፣ በጥፍሩ ፈተገ፤ ሻጩ «አባባ፣ ሊገዙ ነው ወይስ ሊፈትኑኝ?» እስኪለው ድረስ። ስድስተኛው ላይ ጫማውን አስወልቆን ቆመና «እሺ» አለ። ድምፁን በግማሽ ይቀንስልዎ ነበር። እርስዎ በሩ ላይ ቆመው አዩት፤ አልረገጡትም፤ «ቀለሙ ከሕንፃው ጋር አይሄድም» ብለው አስነሱት። በማግስቱ ማስጠንቀቂያው መጣ፤ እስከ ቅዳሜ ሞኬቱ ተመልሶ ካልተነጠፈ የኪራይ ውላችን እንዳይታደስ ለአከራያችን እንደሚጽፉ ገለጹልን።

ክቡር ሊቀ መንበር፣ ብዙ አስቤበታለሁ፤ የማስበውም በዚችው ኮሪደር ስመላለስ ስለሆነ የእኔንም እርምጃ ሰምተውት ይሆናል። ቤት ከለቀቅን ባለሙያዋ የምትደርስበት ሰፈር እናገኝ እንደሆነ አላውቅም። ሞኬቱን ካነጠፍን ደግሞ አባቴ ወደ ወንበሩ ይመለሳል። ትናንት ራሱን ጠየቅሁት። መልሱ ረዥም ስለነበር ሙሉውን አቀርባለሁ፤ «እኔ ተቀምጬ እሱ ይተኛ? ጻፍለት» አለ። ይኸው ጻፍኩ። ሞኬቱ አይነጠፍም።

ስለ ክብራችን፣ ስለ ጸጥታችን፣ ስለ በሮቻችንም ላደረጉልን ሁሉ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። አስተዳደርዎ እንደ ሞኬትዎ ለስላሳ ሆኖ እንዲዘልቅ እየተመኘሁ፣ ዘወትር ከራስዎ በላይ የምኖር፣ ይሁን እንጂ በትሕትና ከእግርዎ ሥር የምገኝ፣

የሦስተኛ ፎቅ ተከራይዎ

ማሳሰቢያ፦ ውላችን ባይታደስ፣ አባቴ ተሸክማችሁ አታወርዱኝም ብሏል። ደረጃው አርባ ስምንት ነው፤ ባለሙያዋ ለአንዱ ደረጃ አንድ ደቂቃ ይበቃዋል ብላናለች፤ መሐል ላይ በእርስዎ በር አጠገብ ቆሞ ያርፋል። የምንወርደው ከምሳ በኋላ ነው፤ ደረጃው ሞኬት ስለሌለው ስለ ድምፁ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።