አንዲት ሞለኪውል ለማየት ደጅ የጠኑት ወንድማችን

ወንድማችን ከሰዓት ሠሪው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው የካቲት 3 ቀን 1946 ዓ.ም. ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች ባለሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ከአራት ልጆች ሁለተኛው ናቸው፤ ይህን የጻፍኩት እኔ የመጨረሻዋ እህታቸው ነኝ። በዘጠኝ ወራቸው ቆመው ሄዱ፤ ከዚያ ወዲህ መቀመጥ የሚባል ነገር አላወቁም። የቤት ስማቸውም «ቀዥቃዣው» ሆኖ ቀረ። አባታችን ሙያውን ሊያስተምሯቸው አጠገባቸው ቢያስቀምጧቸው፣ ጠረጴዛውን በጉልበታቸው እየነቀነቁ የሰው ሰዓት ጥርሶች ወለል ላይ በተኑ። «ይሄስ ለሰዓት አይሆንም፣ ፖስታ ያመላልስ» ተብለው ወደ ትምህርት ቤት ተሰደዱ።

ሰባተኛ ክፍል ሳሉ የሳይንስ መምህሩ ሰሌዳው ላይ ክቦችን በመስመር አገናኝተው «ይህ ሞለኪውል ነው» ቢሉ፣ ወንድሜ ተነሥተው በዐይኑ ያየው ሰው እንዳለ ጠየቁ። ማንም አላየውም፣ አይታይምም፣ ቁጭ በል ተባሉ። ቁጭ አላሉም። በ1969 ዓ.ም. በፊዚክስ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን፣ በ1977 ዓ.ም. የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ።

በ1972 ዓ.ም. ከመድኃኒት ቤት ባለሙያዋ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። በሠርጋቸው ፎቶ ላይ ሙሽራዋ ቁልጭ ብለው ሲታዩ የሙሽራው ፊት ጭጋግ ነው። ፎቶ አንሺው ሦስት ጊዜ ለምኗቸው ነበር፤ ምን ዋጋ አለው!

ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲው ምድር ቤት ውስጥ አንድ ማይክሮስኮፕ ተከሉ። ይህ መሣሪያ መስታወት የለውም። ጫፏ አንድ አቶም እስኪሆን የሾለች መርፌ አለችው፤ መርፌዋ ከሥሯ የተቀመጠውን ጠፍጣፋ ብረት ሳትነካ ከላዩ እያለፈች፣ በመካከላቸው የሚሾልከውን ጥቂት ኤሌክትሪክ እየለካች፣ ብረቱ ላይ ያረፈችውን ሞለኪውል መስመር በመስመር ትስላለች። አንዱ ሥዕል አራት ሰዓት ይፈጃል። ፎቅ ላይ በር ቢበረገድ ልፋቱ ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው። ስለዚህ ዛሬ እዚህ መካከላችን ያሉት የወርክሾፑ መካኒክ ንዝረት እንዳይደርሰው መሣሪያውን በሽቦ ሞላ ላይ አንጠለጠሉት።

በ1983 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሥዕል ወጣ። ከሞለኪውሏ ጎን የተደረደሩ ስስ ሞገዶች ነበሩበት፤ ወንድሜም የኤሌክትሮን ሞገድ ነው ብለው በሳይንስ መጽሔት ላይ ጻፉ። ተጨበጨበ፣ ተሾሙ፣ ጋዜጣ ላይ ወጡ። መካኒኩ ግን ወንድሜ ለስብሰባ በሄዱ ቀን በተሠራው ሥዕል ላይ ሞገዱ እንደሌለ አዩ። ሦስት ወር ዋጡት። በመጨረሻ የወንድሜን እርምጃ በሰዓት ቆጥረው ከሞገዱ ጋር ቢያስተያዩት ልክክ አለ። ለካስ መሣሪያው በሠራ ቁጥር ወንድሜ በጉጉት ክፍሉ ውስጥ ይንጎራደዳሉ፤ ያ ሁሉ የተጨበጨበለት ግኝት የገዛ እግራቸው ኮቴ ነበር!

መካኒኩ ይህን ለወንድሜ ነገሯቸው። ባልደረቦቻቸው ማንም አላወቀ፣ ዝም በል አሏቸው። ባለቤታቸው ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ ሞለኪውሏን አይተሃታል ወይስ አላየሃትም? አላየኋትም አሉ። በሳምንቱ ስሕተቱን ለመጽሔቱ ጽፈው ጽሑፋቸውን አሰረዙ። ላልዋሽ፣ እኔ ተናድጄባቸዋለሁ፤ ጋዜጣውን ለጎረቤት ሁሉ ያዞርኩት እኔ ነኛ! በየት በኩል ልውጣ? እሳቸው ግን የሌለ ነገር አሳይቶ ከመከበር አፍሮ መኖር ይሻላል አሉኝ።

ከዚያ በኋላ በራሳቸው ላይ ፈረዱ። ልኬት ሲጀመር መካኒኩ በሩን ከውስጥ ይቆልፋሉ፣ ወንድሜ ከግቢው ውጭ ይዞራሉ። ፖስታ ቤቱን፣ ዳቦ ቤቱን፣ ከግቢው ማዶ ያሉትን ሦስት መንገዶች በቀን አሥር ጊዜ ያካልሏቸው ነበር። ጫማ ጠጋኙ «እኚህ ሰውዬ ባይኖሩ ልጆቼን በምን አስተምር ነበር» ይል ነበር። እንዲህ ሲሉ አሥራ ሁለት ዓመት አለፈ። በ1995 ዓ.ም. አንድ ረፋድ ላይ መካኒኩ እየሮጡ ፍራፍሬ ሻጯ ዘንድ አገኟቸው። ሥዕሉ ላይ ባለአራት ቅጠል ሞለኪውል ነበረች፤ ሞገድ የለ፣ ምን የለ። ወንድሜ ደስ ከማለታቸው በፊት የጠየቁት፣ ይህ ሲሠራ እኔ የት ነበርኩ ብለው ነው። ከሦስት መንገድ ማዶ እንደነበሩ ሲረጋገጥ ሁለቱም አለቀሱ።

ሥዕሉን አዩ እንጂ ስትሳል አላዩም። ይህ ሲያንገበግባቸው ኖረ። ደጋግመው ሊገቡ ሞከሩ፤ እግር ግን እንቢ አለ፣ መካኒኩም አልራሩላቸውም።

በ2014 ዓ.ም. የአከርካሪ ነርቭ ሕመም ገጠማቸውና እግራቸው ከዳቸው። ቤቱ ሁሉ ለቅሶ ሆነ። እሳቸው መካኒኩን አስጠሩ። ግንቦት 2015 ዓ.ም. በተሽከርካሪ ወንበር ወደ ምድር ቤቱ ወረድን፤ በሩ ተቆለፈ፣ እሳቸውም ከውስጥ ሆኑ። አራት ሰዓት ሙሉ መስመር በመስመር ስትወጣ አዩ። እኔ ከኋላቸው ቆሜ፣ ያ እግር እንደዚያ ተኝቶ ሳየው አልቻልኩም፣ ተንሰቀሰቅሁ። ዞር ብለው «ዝም በይ፣ ታንቀጠቅጫታለሽ» ብለው ተቆጡኝ። ፊታቸው ላይ የነበረውን ደስታ ግን በዕድሜዬ አይቼው አላውቅም።

በሐኪም ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 19 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ69 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እኛን ወንድምና እህቶቻቸውን፣ እንዲሁም ለሠላሳ ዓመት ያህል በር የቆለፉባቸውን ወዳጃቸውን ትተውልን ሄደዋል።

ቸሩ አምላክ ወንድማችንን ደጅ አያስቆማቸው፤ በሩን ከፍቶ ያስገባቸው።