ከቆሎ መጠቅለያ የተመለሱ ገጾች

ዶክተር ገብረትንሣኤ እምሩ ከአባታቸው ከወርቅ ሠሪው ከአቶ እምሩ ወልደ ሰንበትና ከእናታቸው ከወይዘሮ እንቁ ዘርዓብሩክ፣ ጥር 12 ቀን 1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ አራዳ፣ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ባለው ሰፈር ተወለዱ። ፊደል የቆጠሩት እዚያው ደብር ነው። ከትምህርት መልስ አባታቸው ወርቅ ከሚያቀልጡበት ምድጃ አጠገብ አይጠፉም ነበር።

በ1973 ዓ.ም. በፊዚክስ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን፣ በ1985 ዓ.ም. ደግሞ በውጭ አገር ዶክትሬታቸውን አገኙ። ወደ አገራቸው ተመልሰውም ሃያ ስምንት ዓመት በዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። ያጠኑት የዓለምን የመጀመሪያ ቅጽበት ነው፤ ሁሉ ነገር ከልክ በላይ ሲግል ቁስ ምን መልክ እንደነበረው። ሰፈርተኛው ሲጠይቃቸው፣ ወርቅ ሲቀልጥ ቀለበቱም ጉትቻውም አንድ እንደሚሆን ያስታውሱትና፣ ያኔ የአቶም እምብርት እንኳ ገና ስላልተሠራ ኳርክ የሚባሉት ደቃቆች በአንድነት እንደ ፈሳሽ ይፈስሱ ነበር፤ የተያያዙት ዓለም ስትቀዘቅዝ ነው ይሉት ነበር። እንዴት እንደተያያዙ ለማስላት ሃያ ሁለት ዓመት ደከሙ።

ትዳር አልያዙም። በአባታቸው ቤት ከታናሽ እህታቸው ከየሺዓለም ጋር ኖሩ። ቆጣቢ ስለነበሩ ስሌታቸውን የሚሠሩት በተማሪዎች አሮጌ የፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ ነበር። የተማረ ሰው ደብተር አይገዛም ወይ እያለች እህታቸው ትቀልድባቸው ነበር።

በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ለልማት ሲነሣ፣ በዕቃ ሸከፋው ጥድፊያ መሀል የድሮ ፈተናዎቹን ለቆራሌው እንድትሰጥ ነገሯት። እሷም በቀይ እስክሪብቶ የታረመ ወረቀት ያየችበትን ጆንያ ሁሉ አስረከበች። ጀርባውን አላየችም። ስሌቱ የት ገባ ብለው ሲጠይቋት፣ ከጭነት መኪናው ላይ ወድቆ ይሆናል አለች። ዋሸች።

ከዚያ ወዲህ ዶክተር በየቀኑ ወደ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ እየወረዱ፣ በወረቀት ጠቅልለው ከሚሸጡት ሴቶች ቆሎ ይገዙ ጀመር። ቆሎውን ለእህታቸው ይሰጡና መጠቅለያውን ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋሉ። እሷም አንገቷን ደፍታ ትቆረጥማለች። ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ አሥራ አንድ ገጽ ተገኘ። የቀድሞ ተማሪያቸው ዶክተር ኑሰይባ ኡመር ገጾቹን እየገጣጠሙ ነው፤ መካከሉ ግን የለም።

ዶክተር ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆዩ። በመጨረሻው ሳምንት እህታቸውን ጠርተው፣ «የሺ፣ ስጪ ያልኩሽ እኔ ነኝ። በቃ፣ ከእንግዲህ ቆሎ አትብዪ» አሏት። ለካስ ሁሉን ያውቁ ኖሯል። እሷ ግን ይቅርታ ሳትጠይቃቸው፣ ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ67 ዓመታቸው ዐረፉ።

የቀሯቸው አንዲት እህትና ያስተማሯቸው ብዙ ልጆች ናቸው። ይህን የጻፈችው ያችው እህት ናት። በሕይወት ሳሉ ያልነገረቻቸውን ዛሬ በአስከሬናቸው ፊት ትናገራለች።

ያችን የመጀመሪያ ቅጽበት ያየ እግዚአብሔር ብቻ ነውና፣ የወንድሟን ነፍስ በአብርሃም እቅፍ ያኑርላት፤ የደከሙበትንም ያሳያቸው። ለቀስተኞችን ግን አንድ ነገር ትለምናለች፤ ከድልድዩ ቆሎ የገዛችሁ እንደሆነ፣ መጠቅለያውን ከመጣላችሁ በፊት ጀርባውን እዩላት።