ለሌባ የተከፈተ፣ ለጿሚ የተዘጋ በር

ነገሌ ቦረና፣ ሚያዝያ ፳፪ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ፍስሐ ኃይለማርያም
የምሥራች ክርስቲያናዊ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ዲሬክተር
በኮረብታው ላይ

ክቡርነትዎ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን ከእግርዎ በታች እያነጠፍሁ፣ ለመሆኑ እንዴት ከርመዋል? እኛ ከቆላው አቧራና ከአንድ ጭንቀት በቀር የጎደለብን ነገር የለም። እንደ አገሩም ደንብ አካም፣ ነጋ ብያለሁ። በዚህ አገር ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠየቀው የከብቱ ደኅንነት ነው፤ ክቡርነትዎ ከብት እንደሌለዎት ስለማውቅ ግን የኮሌጁን ዶሮዎች እጠይቃለሁ። ደኅና ይጥላሉ?

እኔ ከጦር ሠፈሩ በር ፊት ለፊት ጎማ የምጠግነው የቀድሞው አሥር አለቃ ተክሉ ገብረአምላክ ነኝ። ጎሚስታው ተክሉ ካሉ ከክብረ መንግሥት እስከ ሜጋ የማያውቀኝ ሾፌር የለም፤ የማያውቀኝ ካለም ጎማው ገና አልፈነዳም ማለት ነው። ይህን ደብዳቤ ማንም አልጻፈልኝም። አምና በዚህ ጊዜ በፊርማ ፈንታ አውራ ጣቴን ቀለም እነክር የነበርሁት ሰውዬ፣ ዘንድሮ በማታው ትምህርት ቤት ከጎልማሶቹ ሁሉ አንደኛ ወጥቼ፣ መምህራችን «የተክሉ ጽሕፈት ፍርድ ቤት ቢቀርብ ያለ ጠበቃ ይረታል» ብለው መስክረውልኛል። በሕይወቴ የጻፍሁት የመጀመሪያው ደብዳቤ ይህ ስለሆነ፣ ዕድለኛው ክቡርነትዎ ነዎት፤ እንኳን ደስ ያለዎት።

ጉዳዬ ስለ ልጄ ስለ ወርቅውሃ ነው። በኮሌጅዎ የነርስነት ትምህርት ሁለተኛ ዓመት ላይ ነበረች። «ነበረች» የምትለውን ቃል ብዙ ጊዜ ጽፌ ተለማምጄባታለሁ፤ እንደ ዛሬ ግን እጄን ከብዳኝ አታውቅም። ጓደኞቿ ለግንቦት ልደታ የነርስ ነጭ ቆባቸውን ሊደፉ ነው፤ እሷ እኔ ቤት አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጣለች። ስለዚህ አቤቱታዬን በተማርሁት መሠረት በቁጥር ከፍዬ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ቁርሱ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ኮሌጁ ለእያንዳንዷ ተማሪ በየማለዳው አንድ የተቀቀለ እንቁላልና አንድ ኩባያ ወተት ይሰጣል። እኔ በወታደርነቴ እንዲህ ያለ ቁርስ ያየሁት ጄኔራል ሊጎበኘን የመጣ ዕለት ነው፤ የበላውም ጄኔራሉ ነው። ከዚያም አንዲት ልጅ ሳትበላ ወደ ኮሌጁ ሆስፒታል ገብታ ሕመምተኛ ላይ ተዝለፍልፋ ስለ ወደቀች፣ ማንም ተማሪ ሳህኗን ሳትጨርስ ከገበታ እንዳትነሣ የሚል ደንብ ወጣ። ለጤና የወጣ ደንብ ነውና እጅ እነሣለሁ። ደንቡ ሲወጣ ያልተጠየቀው ወሩ ምን ወር እንደሆነ ብቻ ነው። ሁዳዴ ገብቶ ነበር። ልጄ ደግሞ ነፍስ ካወቀች ወዲህ ሁዳዴን ሽራ አታውቅም፤ በዚህ በኩል በእናቷ በበዛብሽ ወጥታለች እንጂ፣ እኔማ ሾፌር ሳለሁ መንገደኛ ነኝ እያልሁ የበላሁትን የሜጋ ምግብ ቤቶች ይናገሩት። እናም ወርቅውሃ ወተቱን በስውር አጠገቧ ለምትቀመጠው ልጅ እያሳለፈች፣ እንቁላሉን ሽርጧ ኪስ ውስጥ እየከተተች፣ በባዶ ሳህን ተመስገን ብላ ትነሣ ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ አቶ ዱባ ፍራሽ። የራበው ሰው በሞላበት ሆስፒታል እንቁላል መጣል ለልጄ ነውር ሆነባት፤ ስለዚህ እንድታስታምመው ለተሰጣት ለአቶ ዱባ ትሰጠው ጀመር። አቶ ዱባ በዱብሉቅ የውኃ ጉድጓዶች ከብቱን ሲያጠጣ በሬ ረግጦት እግሩ የተሰበረ የቦረና ሽማግሌ ነው። ወገኑ ከብት አርቢ ነውና የዶሮ ነገር፣ ሥጋውም ሆነ እንቁላሉ፣ በአፋቸው አይዞርም። ልጄ ነገሌ ተወልዳ ይህን አለማወቋ የእኔ ጥፋት ነው፤ በጦር ሠፈር አጥር ውስጥ ያደገ ልጅ የሚያየው ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጣ ወታደር እንቁላል ሲሻማ ነው። ሽማግሌው ግን ልጅ በሁለት እጇ አክብራ የሰጠችውን መመለስ እሷን ማሳፈር መሰለው። በየማለዳው ይቀበላል፣ ይመርቃታል፣ ዘወር ስትል ፍራሹ ሥር ይከተዋል። እሷ ጾሟን በእሱ ሆድ ደበቀች፣ እሱ ይሉኝታውን በፍራሹ ደበቀ፤ ሁለት ጨዋ ሰዎች ተገናኝተው አንድ ክፍል ሙሉ አገሙ። የነርሶቹ አለቃ ሲስተር ፍራሹን ባስነሡ ዕለት ሽታው ጸሎት ቤቱ ድረስ መድረሱንና ያን ቀን መዝሙሩ አጭር መሆኑን ሰምቻለሁ።

ሲስተሯም ይህ ሁሉ እንቁላል ለገበያ ከወጥ ቤት የተሰረቀ ነው ብለው ደመደሙ፤ ልጄ የቁርስ ሳህኗን ባዶ አድርጋ ስትነሣ በዓይናቸው አይተዋታልና። አቶ ዱባ ከአልጋው ቀና ብሎ «ይህች ኢንተላ ኮ ናት፣ ልጄ ናት፤ እሷ ሰጠችኝ እንጂ የደበቅሁትስ እኔ ነኝ» አለ። መጽሐፉን ይዘህ ማል ቢሉት፣ «መጽሐፋችሁን አላውቀውም፣ እርጥብ ሣር አምጡልኝና እንደ ወጋችን ጨብጬ ልማል» ብሎ መለሰ። ሣር በኮሌጁ ደንብ ውስጥ ስላልተገኘ ምስክርነቱ ውድቅ ሆነ። የሽማግሌ ቃል በማጭድ ታጭዶ ሲወድቅ ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ስላሳዩኝ አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ኮሚቴዎ ጥበብ። ኮሚቴው ተሰብስቦ፣ ረጅም ጸሎት ጸልዮ፣ ነገሩን ለሁለት ከፈለው። ልጄ «እንቁላሉ የራሴ ቁርስ ነው፣ ስለ ጾምሁ ነው» ካለች፣ በጾም አመካኝታ ገበታ ላይ በየቀኑ ስታታልል ነበር ማለት ነውና እስከ መጨረሻው ትባረራለች። «ከወጥ ቤት ሰረቅሁት» ካለች ግን፣ በማለዳው ጸሎት በተማሪው ሁሉ ፊት ቆማ ንስሐ ገብታ፣ ይቅር ተብላ፣ ከጓደኞቿ ጋር ቆቧን ትደፋለች። እኔ ይህን ስሰማ ጆሮዬን ስለ ጠረጠርሁ የኮሌጁን ዘበኛ ዋሪዮን ደግመህ ንገረኝ አልሁት። እሱም ዱላውን ተደግፎ፣ «አሥር አለቃ፣ ሌባ ከሆነች ትገባለች፣ ጿሚ ከሆነች አትገባም፤ እኔ በሩን እጠብቃለሁ እንጂ ይህን አልሠራሁትም» አለኝ። መቼም በጌታ ቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ ገነት እንደ ገባ ጣቴን እያስኬድሁ ራሴ አንብቤአለሁ፤ ኮሌጅዎ ለሌባ የከፈተው በር ከዚያ የተቀዳ ይመስለኛል። የጿሚውን በር የያዘው ገጽ ከእናንተ መጽሐፍ ላይ ተቀዶ ከሆነ፣ ከእኛ ላውሳችሁ ዝግጁ ነኝ።

አራተኛ፣ ስለ ክቡርነትዎ ራስዎ። ሲስተሯ ከባሕር ማዶ የመጡ ናቸው፤ ሁዳዴንም የቦረናንም ገበታ ባያውቁ አልፈርድባቸውም። እርስዎ ግን የወይዘሮ ወለተሐና ልጅ ነዎት። ክብረ መንግሥት መኪናዬን አቁሜ ከእናትዎ ቤት ስንት ጊዜ ሽሮ በልቻለሁ፤ «ፍስሐዬ በዚህ ዕድሜው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾምልኛል» ብለው በእርስዎ ሲመኩ በእነዚህ ጆሮዎቼ ሰምቻለሁ። በዚያ ስብሰባ ላይ «ወሩ ሁዳዴ ነው፣ ቦረናም እንቁላል አይበላም» ቢሉ ነገሩ በሳቅ ባለቀ ነበር። ያችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ጉሮሮዎ ላይ ይዘው ስብሰባውን በጸሎት ዘጉ። ስለ ዝምታዎ የማቀርበው ምስጋና ከሁሉ ይበልጣል፤ ሰው ከፍ ያለ ወንበር ላይ ሲወጣ ከታች ምን ትቶ እንደሚወጣ አሳውቆኛል።

አምስተኛው ቁጥር አቤቱታ አይደለም፣ ግራ መጋባት ነው። የተነፈሰ ጎማ ሲመጣልኝ የውስጡን ላስቲክ፣ ከመዳሪውን፣ ውኃ ውስጥ ነክሬ አረፋው ከሚወጣበት ቀዳዳውን አገኘዋለሁ። ይህን ነገር ግን የትኛው ውኃ ውስጥ ልንከረው? የጦር ሠፈሩ አዛዥ ዘንድ ብሄድ «ኮረብታው ከእኔ አጥር ውጭ ነው» አሉኝ። የነፍስ አባታችን ዘንድ ብሄድ «በርቺ በላት» ብለው እኔን ባረኩኝ። ልጄን ራሷን ለመንኋት፤ «አንዲት ቃል ናት፣ በያትና ተመለሺ፣ ሰማይ አይደፋም» አልኋት። እሷም፣ «አባባ፣ ያልሰረቅሁትን ይቅር ቢሉኝ ይቅርታውም ውሸት ነው፤ በዚያ እጅ ሕመምተኛ እንዴት እነካለሁ?» አለችኝ። በዛብሽ ከጓዳ ሆና፣ «አንተ ሰውዬ፣ ውሸቱን ለራስህ ያዘው፣ ለልጄ አታካፍልብኝ» ብላ ዘጋችኝ። በቤቴ መናገር የማልችልበት ቀን ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፤ መጥቷል።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ብቻ ነው። ልጄ በጿሚነቷ ትመለስ። ቅጣት ካስፈለገ የዶሮዎቹን ቤት ትጥረግ፣ የሆስፒታሉን አንሶላ ሁሉ ትጠብ፣ እኔም መጥቼ የመኪናችሁን ጎማ በነጻ ልለጥፍ። ከ«ሌባ» በቀር ያላችሁን ስም ሁሉ ስጧት፤ ሰነፍ በሏት፣ ግትር በሏት፣ የጎሚስታ ልጅ በሏት።

ጊዜዎን ስለ ወሰድሁ ባርኔጣዬን አውልቄ፣ ወገቤን እስከሚያመኝ ጎንበስ ብዬ፣ ለወንበርዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለጉሮሮዎም ጤና እየተመኘሁ፣ በገዛ እጄ የፈረምሁት

የቀድሞው አሥር አለቃ ተክሉ ገብረአምላክ
ጎሚስታና የማታ ተማሪ

ግልባጭ፦
ለጎሚስታ ቤቴ ግድግዳ፣
ለአውቶቡስ ማቆሚያው ዛፍ፣
ለዘበኛ ዋሪዮ (አነብለታለሁ)፣
ለኮሌጁ ዶሮዎች፣ በእነሱ ምክንያት የመጣውን እንዲያውቁት።

በማግሥቱ ከሥር የተጨመረ፦ ይህ ደብዳቤ ከትናንት ማለዳ ጀምሮ ግድግዳዬ ላይ ነው። ሾፌሮች ከበው እየሳቁ አነበቡት፤ ማንበብ የማይችሉትም እያስነበቡ ሳቁ፤ እኔም ደረቴን ነፍቼ ከጎኑ ቆሜ ነበር። ወርቅውሃ ከሰዎቹ ኋላ ሆና እስከ መጨረሻው አነበበችው። አልሳቀችም። ወደ ውስጥ ገብታ፣ «አባባ፣ ይሄ እኮ ልመና ነው» አለችኝ። «ስድብ ነው እንጂ፣ ሰዉ ሲስቅ አታዪም?» ብላት፣ «እነሱ ይስቃሉ፣ እርስዎ ግን ይለምናሉ። ግድግዳ ላይ ወጥተው ከሚለምኑልኝ እኔ ብዋሽ ይሻላል» አለች። ዛሬ ማለዳ ነጭ ቀሚሷን ተኩሳ ለብሳ ወደ ኮረብታው ወጥታለች። በዛብሽ ደጃፉ ላይ ቆማ መንገዱን ታያለች፤ እኔን አታይም።

እንግዲህ ጥያቄዬን አንሥቻለሁ። ልጄ በፊትዎ ቆማ «ሰረቅሁ» ስትል ምላሷ ቢያያዝባት፣ ልማድ ስለሌላት ነውና ይታገሧት። እኔ ቀልዴና ዋሾነቴ አገር ያወቀው ሰው ከተወለደች ጀምሮ አንድ ቤት አብሬያት ኖሬ ላስተምራት ያልቻልሁትን ነገር፣ ኮሌጅዎ በአንድ ጾም ብቻ አስተምሯታል። በወላጅነቴ አመሰግናለሁ።